ክቡርነታቸው ሥራ ገቡ

ልጅን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ከሥራ ማሸሽ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለእህቴ ለማስረዳት ያልሞከርኩት መንገድ የለም። በቀልድ ነግሬያታለሁ፣ በቁጣ ነግሬያታለሁ፣ አኩርፌም አይቻለሁ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ስለዚህ ታሪኩን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ የእሷ ቢጤ አይጠፋምና።

የእህቴ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን በደህና ውጤት ጨርሷል። ጤነኛ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ አንደበቱም የታረመ ነው። ከተመረቀ ጀምሮ የያዘው ሥራ ግን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ መነካካት ነበር። ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትዞር እሱም ከአንድ ጎኑ ወደ ሌላው ይዞራል። እናቱ የገበያ ዕቃ ተሸክማ ስትገባ እንድታልፍ ብሎ እግሩን ሰብሰብ ያደርግላታል፤ እርዳታው ይኸው ነው። እኔም በሄድኩ ቁጥር «ክቡርነታቸው ተነሡ?» እያልኩ እገባለሁ። እህቴ ታዲያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በል እንጂ፣ ተኝቷል» ትለኛለች። በጠራራ ፀሐይ እኮ ነው!

«ሥራ አላገኘህም?» ስለው መልሱ ያው ነው።

«እየጠበቅሁ ነው አጎቴ። የሚመጥነኝ ሲገኝ እገባለሁ።»

«እስኪገኝስ?»

«እስኪገኝማ እጠብቃለሁ።»

እህቴም ከጓዳ ሆና ታግዘዋለች። «ምን ያድርግ ታዲያ? ይህን ሁሉ ዘመን ተምሮ ያገኘውን ይልቀም? እኔ እናቱ እያለሁ ልጄ አይንከራተትም።»

እኔ ዊልቸርና ክራንች የምጠግንበት ወርክሾፕ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሲሄድ ሥራው አናቴ ላይ ተከመረ፤ የተሰበሩት ወንበሮች ከውስጥ አልፈው ደጁን ሞሉት። የአንድ ሰው ወንበር እኔ ጋ ቆመ ማለት ደግሞ ያ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ክቡርነታቸውን ከሶፋው አስነሥቼ ይዤ ወጣሁ። እህቴ እስከ ውጭ በር ተከተለችን።

«ከባድ ነገር አታሸክመው፣ እሺ? ወገቡ ለስላሳ ነው።»

«ያለሰለሰውማ ሶፋው ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ላይ ያሳለፍነውን እኔ ነኝ የማውቀው። አርፍዶ ይመጣል። ጓንት ያጠልቃል፣ ስልኩ ሲጮህ ያወልቃል፣ እንደገና ያጠልቃል። «ይህን አጥብቅ» ስለው «እሺ» ይላል፤ ዞር ብዬ ስመለስ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ስቆጣው «ምን ያናድድሃል አጎቴ፣ እኔ እኮ እዚህ ለጊዜው ነው ያለሁት» ይለኛል። «ለጊዜው የጠበቀ ብሎን ለጊዜው ነው የሚይዘው» ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እህቴ ደግሞ ምሳ ይዛ ከተፍ ትልና ግራሶ የነካውን ጣቱን በመሐረብ ትጠርግለታለች፤ ያውም በደንበኞች ፊት። እኔ አፈርኩ። እሱ አላፈረም።

በሰፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ በእጅ በሚዞር መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የወንበሯ ፍሬን አልይዝ ስላላት ትልቋ ልጇ እየገፋች አመጣችልን። እኔ ዕቃ ልገዛ ስወጣ ለክቡርነታቸው አደራ አልኩ። «አዲስ ፍሬን ግጠምለት። ከመስጠትህ በፊት ራስህ ተቀምጠህ ሞክረው።»

ፍሬኑን ገጠመ። አንዱን ብሎን በመፍቻ አጠበቀ፤ ሁለተኛውን በጣቱ አዞር አዞር እያደረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጓደኛው ነበር። ወሬው ሲያልቅ ልጅቱ በር ላይ ቆማ አገኛትና ወንበሩን አስረከባት። መሞከር የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

የልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ቁልቁለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ፍሬኑን ይዛ በሯን ልትቆልፍ ዞር ስትል ፍሬኑ ተነቀለና ወንበሩ ቁልቁል ይዟት ሄደ። የጎረቤት ግንብ ባያስቆማት ኖሮ ዋናው መንገድ ላይ ነበር የምትገባው። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን አንጓው ላይ ተሰበረ።

ወንበሩን ሰዎች አምጥተው ፊታችን አቆሙት። የተፈታውን ቦታ ለልጁ አሳየሁት።

«ብሎኑ አርጅቶ ይሆናል» አለ።

«አዲስ ነው።»

«እንግዲያው መንገዱ ነው። እንደዚያ ያለ ቁልቁለት ላይ ማን ቤት ይሠራል?»

ይህን ስንነጋገር እህቴ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። «ልጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ብዬህ አልነበረም? ና የኔ ልጅ፣ ወደ ቤትህ እንሂድ።» ልጁም ጓንቱን አወለቀ።

«ይሄዳል» አልኳት፤ «የሚሄደው ግን በልብስ ሰፊዋ ቤት በኩል ነው።»

ሦስታችንም ሄድን። የልብስ ስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል። ከጎኑ የተቆረጠና ያልተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። እሷ እጇን በጀሶ ታስራ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

እህቴ ቀበል አደረገችና «ልጅ ነው፣ አላወቀም» አለች።

«ስንት ዓመቱ ነው?» ስትል ልብስ ሰፊዋ ጠየቀች።

«ሃያ ስድስት» አለ ልጁ ራሱ።

ሴትዮዋ አየት አደረገችው። «ይቅርታህን ሰምቻለሁ። ግን ይቅርታ ዩኒፎርም አይሰፋም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ይህን ቁልል ማን ይጨርስልኝ? ወንበሬንስ ማን ይሥራልኝ? በእምባ ከሆነ እኔም ሳለቅስ ነው ያደርኩት።»

ልጁ ወደ እናቱ አየ። እሷም የምትለው አላጣችም፤ ልትጀምር ስትል ግን «እማዬ፣ ተይ» አላት። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረና «ወንበሩን ዛሬውኑ እሠራለሁ። ስፌት አልችልም፤ መኪናውን ግን ላዞርልዎት እችላለሁ» አለ።

ወንበሩን ፈታትቶ እንደ አዲስ ገጠመው። ከዚያ እዚያው ቁልቁለት ላይ ወሰደው፤ ራሱ ተቀመጠበት፣ ፍሬኑን ያዘ፣ ሁለት እጁን ለቀቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያየዋል። ወረደ፣ አጠበቀ፣ እንደገና ተቀመጠ። ሊመሽ ሲል እኔ ነኝ «በቃ» ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቀን ወርክሾፕ ይውልና ከሥራ ሲወጣ እሷ ቤት ይሄዳል። እሷ በግራ እጇ ጨርቁን ትመራለች፣ እሱ መዘውሩን ያዞራል። «ቀስ! ፈረስ የምትጋልብ መሰለህ?» ትለዋለች። ያጣመመውን አስፈትታ ታስደግመዋለች። አንድ ቀን እህቴ ልጇን ልታስለቅቅ ሄዳ በላብ ተጠምቆ ሲሰደብ አገኘችው። ገና ስትገባ ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክር ዘረጋችላት። «እትዬ፣ ከመጡ አይቀር ቁልፍ ይትከሉ።»

እህቴ ሳትወድ ተቀመጠች። ስትመለስ እኔ ጋ አለፍ ብላ «ልጄ ሲቆጡት ሰምቶ የሚያርም ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ለካ እኔ ተቆጥቼው አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ይዛ አልመጣችም።

ዩኒፎርሙ ሁሉ በጊዜው አልደረሰም፤ የተቀየሙ ወላጆችም ነበሩ። የሴትዮዋ እጅ ድኗል፣ ሲበርድ ግን ያማታል። ክቡርነታቸውም መልአክ አልሆኑም፤ አንዳንዴ ዛሬም አርፍደው ያናድዱኛል። ብቻ ወንበር ሲመጣለት መፍቻ ከማንሣቱ በፊት «የት ነው የሚኖሩት? ደጃፍዎ ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል። ቁልቁለት ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ተጨማሪ የፍሬን መያዣ መግጠም የጀመረው እሱ ነው፤ ማንም አላዘዘው።

እናንተ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ የሚመጥነውን ሥራ እየጠበቀ ከሆነ ይጠብቅ፤ ግን እየሠራ ይጠብቅ። ሰው ለምን እንደሚጠቅም ተጋድሞ አያውቀውም። አንተም ወጣት፣ «ለጊዜው ነው» እያልክ በእጅህ የያዝከውን አታላላው፤ በላላው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ልብስ ሰፊዋ አንዲት ጓደኛዋን አስከትላ መጣች፤ የሴትዮዋ ወንበር ጎማው ይንሻፈፋል። መፍቻዬን ይዤ ብድግ ስል «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ልጁን ይጥሩልን» አለችኝ።

ትንሽ ቅር አለኝ። ግን ጠራሁት።