አራተኛው ኩባያ

የመዝገበ ቃላት ክፍሉ ባልደረባ ከኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው ሥር ካፖርቱን እንደለበሰ በጀርባው ተዘርሯል። ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል። ሶኬቱን የነቀለችው መርማሪዋ ናት፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ከእሷ በፊት ሶኬቱን የነካ አልነበረም።

«ጥፋቱ የራሱ ነው» አሉ ዋና አዘጋጁ። «ይኼ ሰው መቼ ደንብ ያውቅና! ቅጽል ስሙም ‹ፈር ለቃቂው› ነበር።»

«ማን አወጣለት?»

«እኔ» አለ አራሚው አንገቱን ደፍቶ። «ለቀልድ ነበር።»

የሟቹ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆማለች። «እናታችን በሕይወት አለች» አለች። «በገዛ ጥፋቱ ሞተ ብዬ ልንገራት?»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን ዞረች። ሦስት ኩባያዎች ሻይ ቅጠልና ስኳር ተደርጎባቸው ተደርድረዋል፤ ውሃ ግን ጠብ አላለባቸውም። አራተኛው ባዶውን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ያኛው ለምን ተገለለ?»

«ተኳርፈን ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «እሱ ከኛ በኋላ ለብቻው ነው የሚያፈላው።»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«በቃል ፍቺ» አለ አራሚው። «‹ፈር የለቀቀ› የሚለውን ጋሼ ‹ባለጌ፣ ሥርዓት የለሽ› ብለው ፈቱት። እሱ ደግሞ ‹ፈር ማለት ማረሻ የቀደደው መስመር ነው፤ አባቴ ገበሬ ነበር፤ በሬ ፈሩን የሚለቀው ፊቱ ድንጋይ ሲያይ ነው፤ ስለዚህ ፍቺው ስድብ ብቻ አይሁን› ብሎ ሙጭጭ አለ።»

«በሰው ፊት አዋረደኝ!» አሉ አዘጋጁ። «እስኪታረም ማንም እንዳያናግረው አልኩ። በቃ።»

መርማሪዋ በመሐረብ የተጠቀለሉትን የጸሐፊዋን ጣቶች አየች።

«የኔ እህት፣ ይኼስ?»

ጸሐፊዋ ማልቀስ ጀመረች።

«ሁላችሁም ቁጭ በሉ» አለች መርማሪዋ። «ሻዩን አሰናድታችሁ ማንም አልጠጣም። ማፍያውን መጀመሪያ የነካሽው አንቺ ነሽ። ኮረንቲ ነዘረሽ፣ ጮኽሽ። ሁለቱም ሰሙሽ፤ ኩባያቸው የደረቀው ለዚህ ነው። እሱ ግን ያኔ ውጭ ነበር፤ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። እናንተ የጨረሳችሁ መስሎት ወደ ማፍያው ሄደ። የነገረው የለም።»

«ሲገባ ‹ደህና አደራችሁ› ብሎን ነበር» አለ አራሚው። «አልመለስንለትም።»

«ልነግረው አፌን ከፈትኩ» አለች ጸሐፊዋ። «ጋሼ አፍጥጠው አዩኝ። ዋጥኩት።»

የአዘጋጁ ፊት አመድ መሰለ። «ዝም በሉት አልኩ እንጂ፣ ግደሉት የሚል ቃል ወጣኝ?»

«አልወጣዎትም» አለች መርማሪዋ።

«ታዲያ ማንን ታስሪልኛለሽ?» አለች እህትየው።

መርማሪዋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። «እህቴ፣ የመታ ይታሰራል፣ መርዝ የሰጠ ይታሰራል። ዝም ያለን ሰው የምይዝበት ሕግ በእጄ የለም። አለቆቼም ‹አደጋ ነው› ብለው ይዘጉታል።»

እህትየው መስኮቱ ላይ ያለውን ኩባያ አንስታ በሻርፗ ጠቀለለችው።

«ለእናቴ የምላትን አገኘሁ» አለች። «ሦስቱም ድንጋዩን አይተውታል፤ ፈሩን ግን አንዳቸውም አልለቀቁም።»