ፎቶ ብቻ የምትልከው ልጅ

«ፀደይ፣ ወይ ዛሬ ታባርሪያታለሽ፣ ወይ እኔው አባርራታለሁ» አለ ናስረዲን፣ ስልኩን የአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ።

ስክሪኑ ላይ የሒሳብ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ ይታያል፤ ከሥሩ አንድ ቃል እንኳ የለም። የላከችው ብርቅዬ የምትባል፣ ሀዲያ ዞን ጃጁራ ከተማ የምትማር ልጅ ናት። ሁለቱ የሚያስተዳድሩት የቴሌግራም የጥናት ግሩፕ ደግሞ ሕግ አለው፤ የሞከረውን ሳይጽፍ ጥያቄ ብቻ የሚወረውር ሁለቴ ይነገረዋል፣ በሦስተኛው ይወጣል። ይሄ ሦስተኛዋ ነው።

«ፈተናው እኮ ደርሷል» አለች ፀደይ።

«ታዲያ ትሥራ! አቦ፣ እኛ የቤት ሥራ ማሽን ነን እንዴ?»

ግሩፑን የፀደይ ወንድም ማቴዎስ ሲከፍተው ጥቂት የሰፈር ልጆች ብቻ ነበሩበት። ያኔ ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲሄድ፣ እህትና ወንድም አንድ ጋቢ ተከናንበው ለጎበዙም ለሰነፉም ይመልሱ ነበር። ማቴዎስ እያንዳንዱን ጠያቂ በስሙ ያውቀው ነበር። እሱ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ አባሉ በዛ። ቤቱ ግን ጭር አለ።

ፀደይ በራሷ ስልክ የብርቅዬን የቆዩ መልእክቶች ፈልጋ ወደ ላይ ገፋች። የመጀመሪያው ፎቶ አልነበረም፤ ረጅም ጽሑፍ ነበር። ልጅቷ ጥያቄውን እስከ ግማሽ ሠርታ፣ የከበዳትን በተሰባበረ አማርኛ አስረድታለች። ከሥሩ የሳቅ ስቲከሮች ተደርድረዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ «አስተርጓሚ ጥሩልን!»

«ይሄ ያንተ አይደል?»

ናስረዲን አጎንብሶ አየ። «ቀልድ ነበር እኮ...»

«ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አልጻፈችም።»

ናስረዲንን አንድ ደንበኛ ሳሙና ጠየቀው፤ ሰጥቶ ተመለሰ። «እሺ በቃ፣ አላባርራትም። በውስጥ መስመር አስረጃት።»

«የተሳቀባት በውስጥ መስመር ነው?»

ፀደይ ማይኩን ተጭና፣ ግሩፑ ላይ ተናግራበት በማታውቀው የቤቷ ቋንቋ፣ በሀዲይኛ፣ የቱ ጋ እንደከበዳት ብርቅዬን ጠየቀቻት። ከዚያ የጥያቄውን መጀመሪያ ቀስ እያለች ታስረዳት ጀመር።

«አንቺም ላይ ይስቃሉ» አለ ናስረዲን በሹክሹክታ።

ንግግሯን አላቋረጠችም። ስትጨርስ አውራ ጣቷን ከማይኩ ላይ አነሳች፤ ድምፁም ሰው ሁሉ ወደሚሰማበት ግሩፕ ሄደ።