አናጺው ያሰረው ጨርቅ

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በሟቹ አናጺ ሳሎን አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሚስቱ፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ የወለዳት ልጁ፣ ታናሽ ወንድሙና መርማሪዋ። አናጺው እሑድ ዕለት መጋዙን እንደያዘ ዝሎ ወደቀ። ክሊኒክ ደርሶ ደሙ እንደተቀዳ ልቡ ቀጥ አለ።

ወንድምየው ጥርጣሬውን አልደበቀም።

«ሳምንቱን ሙሉ ‹ምግቡ መረረኝ› ሲል ነበር። ምግብ የምትሠራው ማናት? ጨው ቀንስ እያለች የምትጨቀጭቀው ልጁ እንኳ ሰሞኑን ትታው ነበር። ተስፋ ቆርጣ ነው መሰለኝ።»

«እትዬስ ምን ይላሉ?» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው አንገቷን ደፋች። «ባሌን አልገደልኩም። ሌላ አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ዝም አይነቅዝም ብላ ነዋ!» አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አስከሬኑን አይቻለሁ። ደረታቸው ላይ ጨርቅ ጠብቆ ታስሯል። የሚወስዱት ኪኒን ጡታቸውን አሳብጦት ነበር፤ አይደለም እትዬ?»

ሚስትየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ከኩላሊት በላይ ያለች እጢ ሆርሞን ታመነጫለች። ሆርሞኑ ኩላሊትን ‹ጨው አስቀር፣ ፖታሲየም በሽንት አስወጣ› ብሎ ያዘዋል። የእሳቸው እጢ ትእዛዝ አበዛችና ደም ግፊታቸው ናረ። ሐኪም ትእዛዙን የሚያግድ ኪኒን ሰጣቸው። ኪኒኑን የሚውጥ ሰው ፖታሲየም ካበዛ ግን መውጫ አጥቶ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ጡንቻ ያዝላል፣ ልብ ያቆማል። በሕይወት ሳሉ የተቀዳው ደም የነገረን ይህንኑ ነው።»

«ፖታሲየሙ ከየት መጣ?» አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ የገበታውን ጨው መነስነሻ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ግማሹ ለደም ግፊት ይበጃል ተብሎ የሚሸጠው የፖታሲየም ጨው ነው። የመረራቸውም እሱ ነው።»

ወንድምየው ብድግ አለ። «አላልኩም? ኪኒኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት!»

«ይቀመጡ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ እትዬ ዐይኔ እያየ ከዚሁ ዕቃ እንቁላላቸው ላይ ነስንሰው ጎረሱና ፊታቸው ተኮማተረ። የሚያውቅ ሰው ለራሱ አይነሰንስም። ይህን የቀላቀለው ኪኒኑን የማያውቅ፣ ጨው እንዲተዉ ግን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ነው። ጭቅጭቁ ለምን ድንገት ቆመ?»

ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እንዲሻለው ብዬ ነው! ክሊኒክ ውስጥ ፖታሲየም ሲሉ ስሰማ ገባኝ። አጎቴ እሷን ሲወነጅላት እየሰማሁ ምላሴ ተያዘ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!»

«ምነው ለእኔ ለወንድሙ እንኳ ቢነግረኝ?» አለ አጎቷ።

ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ለአንተ? ሸሚዝ ሲቀይር አይተህ፣ በሠራተኞቹ ፊት ‹ወንድምዓለም፣ መቼ ነው የምታጠባው?› ያልከው አንተ አይደለህ? ጨርቁን ማሰር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ወንድምየው ላብ አጠመቀው። ያን ቀን ወንድሙም አብሮ ስቆ ነበር። ሳቁን ሰምቷል፤ ዐይኑን ግን አላየም።

ልጅቱ ቃሏን ለመስጠት ከመርማሪዋ ጋር ወደ ጣቢያ ሄደች። የእንጀራ እናቷም አብራት ሄደች። ወንድምየው ና ያለው ስላልነበረ እዚያው ቀረ።