የኋላው ፓራፋንጎ

ታምሬ ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ብስክሌቱ አሳበቀበት። ቃ-ቃ-ቃ-ቃ። የኋላው ፓራፋንጎ፣ ያ ጭቃ እንዳይረጭ ጎማው ላይ የሚደፋው ቆርቆሮ፣ ከያዙት ቀጫጭን ዘንጎች ጋር እየተጋጨ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ግን እናቱ ናት።

እናኑ የሰው ልብስ ከምታጥብበት ሳፋ ላይ ብድግ ብላ ወጣች። እጆቿ እስከ ክርኗ አረፋ ናቸው፤ ሻሿን እንኳን አላስተካከለችም። ፊቷ በርቷል። ታምሬ ይህን ፊት በየቀኑ ያየዋል፤ አንድም ቀን ለእሱ ሆኖ አያውቅም። በሩ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ ነው ያደረው። እግሯ አዳለጣትና በግራ እጇ ላይ ወደቀች።

ታምሬ ብስክሌቱን ወዲያ ጥሎ ሮጠ። እሷ ቀና ብላ አየችው፤ ያ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«በል ተወኝ፣ ምንም አልሆንኩም። የአባትህ ብስክሌት ጭቃ ላይ ይጣላል እንዴ?»

አመሻሽ ላይ የእጅ አንጓዋ አብጦ ነበር። ወለም ብሏታል። በጨርቅ ጠቅልላው በአንድ እጇ ስታጥብ ታምሬ ከበሩ ሆኖ ያያት ነበር።

አባቱ ገሠሠ ባለፈው ዓመት ኸሪፉ ሲገባ፣ የዚህ የሱዳን ክረምት ዝናብ ሲጀምር፣ ለሰሊጥ አረም ወደ ፋሽጋ እርሻ ወጣ። «ለመስቀል እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራና አይነሳም ነበር፤ በኋላ መጥራቱንም ተወ። አንዱ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ አየሁት ይላል፣ ሌላው የለም፣ ድንበሩን ወደ መተማ ተሻግሯል ይላል። እንዲያው ወሬ ነው፤ ቁርጡን የሚያውቅ የለም።

ብስክሌቱ ግን አለ። ጥቁር ነው፣ የድሮ የእንግሊዝ ሥራ፣ ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ። ገሠሠ እሱ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ ቀጥ ይላል፣ የወረዳ ሹም ይመስላል። ኩሬ ሲያይ ደግሞ አይሸሽም። ታምሬን ከኋላ አስቀምጦ፣ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ሰተት ብሎ ይገባበታል። «ፓራፋንጎ ያለው ሰው ምን ያስፈራዋል!» ይላል። ውሃው ግራና ቀኝ ይከፈላል፤ ሸሚዛቸውን አንድ ጠብታ አይነካውም። ያኔም ቆርቆሮው ይንቋቋ ነበር። ገሠሠ ላጥብቀው ይልና ሁልጊዜ ለነገ ያሳድረዋል።

አንድ ቀን ታምሬ ሊያጠብቀው መፍቻ ተውሶ መጥቶ ነበር። እናኑ ከእጁ ነጠቀችው። «ተው። ሲመጣ እሱ ያጠብቀዋል» አለች።

እንግዲህ ነገሩ የብሎን ነገር አልነበረም። ያንን ቆርቆሮ ማጥበቅ ማለት አባቱ አይመጣም ማለት ነው። ታምሬ ይህ ገብቶታል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እጁን አላሳረፈበትም። በየቀኑ የአባቱን ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ በየቀኑ አባቱን ሳይሆን ይቀራል። ይህንን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? አንድ ወንበር ላይ አብሮት ይቀመጥ የነበረው ተኸስተ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፖርት ሱዳን ከሄደ ወዲህ ታምሬ ክፍል ውስጥም ብቻውን ነው። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይገባል።

እናቱ በወደቀች ማግስት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎረቤቱ ሄርመላ መንገድ ላይ አስቆመችው። ከሁመራ በልጅነቷ የመጣች፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠው፣ ምላሷ የማይታሰር ልጅ ናት።

«እናትህ እጇን ጠቅልላ አየኋት» አለች።

«ወለም ብሏት ነው።»

«በዚህ ቆርቆሮ ምክንያት።»

ታምሬ ሊያልፋት መሪውን አዞረ።

«ወላሂ ታምሬ፣ እኔ ብሆን ድሮ ነው ነቅዬ የምጥለው። እኛ ቤት ድረስ እኮ ይሰማል። ቃቃቃ ሲል እናቴ ‹አሁን ያቺ ምስኪን ትወጣለች› ትላለች። ትወጣለች። ከዚያ አንተን ታይና ትመለሳለች።»

ታምሬ ፊቱ ጋለ። ሰው ያየኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። «ታዩናላችሁ ማለት ነው?»

«ዓይን የለንም እንዴ?» አለች ሄርመላ፤ ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድሜ ትቶት የሄደ መፍቻ አለ። ና፣ እኛ ግቢ እንሥራው።»

ሄደ። ያበጠው የእናቱ እጅ ከዓይኑ አልጠፋም።

ብስክሌቱን ገልብጠው በኮርቻው አቆሙት። ችግሩ ወዲያው ታየ። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቷል፤ ብሎኑ ውስጡ ይጨፍራል። ሄርመላ ያረጀ የውስጥ ጎማ በመቀስ ቆረጠች። ታምሬ ላስቲኩን በቆርቆሮውና በዘንጎቹ መካከል እየወሸቀ ብረት ብረትን እንዳይነካ አደረገ። ከዚያ ፓራፋንጎውን ወደ ጎማው አስጠግቶ፣ ልክክ አድርጎ አጠበቀው።

«ሙሽራ አስመሰልከው» አለች ሄርመላ።

ሙሽራው ግን ከግቢው ብዙም አልራቀ። ታምሬ ጭቃው ላይ ጥቂት እንደነዳ የኋላው ጎማ ቀጥ አለና ሊደፋው ደረሰ። ዋልካው በጎማውና በቆርቆሮው መካከል ገብቶ ጠቅጥቆታል። ሄርመላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ታምሬም ሳቀ፤ ከሳቀ ቆይቶ ስለነበር ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። በዚህ አገር ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ፓራፋንጎውን ፈትቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ መሬቱ እስኪደርቅ። ለካ ወዶ አይደለም።

ጭቃውን በእንጨት ፍቀው አወጡና እንደገና ጀመሩ። አሁን ታምሬ አውራ ጣቱን በጎማውና በቆርቆሮው መካከል እያስገባ ዙሪያውን ለካ። ጣቱ በማያልፍበት ዘንጉን ትንሽ ጠመዘዘው፣ በጣም በሰፋበት መለሰው። ጎማውን በእጁ አሽከረከረ። የትም ሳይነካ ዞረ። የቀረው የመጨረሻውን ብሎን ማጥበቅ ነበር፤ እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

«ካልፈለግህ ተወው» አለች ሄርመላ። አትስቅም ነበር።

«እናቴ ትቆጣለች።»

«ትቆጣለች» አለች እሷም።

ታምሬ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው።

መንገዱ ላይ ሲወጣ ብስክሌቱ ዝም አለ። ጎማው ጭቃውን ሲልጥ፣ ሰንሰለቱ በሽፋኑ ውስጥ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ከሱቁ ፊት ለፊት ሰፊ ኩሬ ነበረ። እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ሰተት ብሎ ገባበት። ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ሽርር አለና ወደ ታች ወረደ፤ ጀርባው ደረቅ ነው። ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው። ዞሮ ለሰው ሊናገር ፈለገ፤ ኋላው ባዶ ነው። የአባቱ ድምፅ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ሲሄድ ኖሮ አሁን መጥፋቱ ታወቀው። እየነዳ አለቀሰ፣ ደግነቱ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

ቤት ሲደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ እናኑ ጀርባዋን ሰጥታ በአንድ እጇ ታጥባለች። አልዞረችም። አልሮጠችም። የፈለገው ይህንን አልነበር? ግን በገዛ በሩ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ቀረ።

«እማ፣ መጣሁ» አለ።

ደንግጣ ዞረች። «በየት በኩል ገባህ? ምነው አልሰማሁ...» ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ አረፈ። ተነስታ መጣችና በደህናው እጇ ፓራፋንጎውን ይዛ ነቀነቀችው። ዝም። ደግማ ነቀነቀችው።

«ማን ነካው?»

«እኔ።»

«ሲመጣ እሱ ያጠብቀዋል አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ፍታው።»

መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነበር። አወጣው። ትንሽ ላላ ቢያደርገው ይበቃል፤ ነገ ቃቃቃ እያለ ይመጣል፣ ነገም እንደበራች ወጥታ እሱን ስታይ ትጠፋለች።

«እማ፣ እኔም እኮ እመጣለሁ» አለ። «በየቀኑ እመጣለሁ።»

እናኑ አየችው። የያዘችውን ፓራፋንጎ ለቀቀችው።

ታምሬ መፍቻውን ከሳፋው አጠገብ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። «ከፈለግሽ አንቺ ፍቺው። እኔ አልፈታውም።»

ሲነጋ ታምሬ ከመውጣቱ በፊት ፓራፋንጎውን ያዝ አድርጎ ነቀነቀው። አልተፈታም። መፍቻው ዝናብ መትቶት እዚያው ድንጋዩ ላይ ነበር። እናቱ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች።

ቀኑን ሙሉ ትምህርቱ በጆሮው አልገባም። ከእናቱ የአባቱን ድምፅ የነጠቀ መስሎ ተሰማው። ሲለቀቁ እንደ ልማዱ ገበያውን ዞረ፤ ቤት ቶሎ ላለመድረስ ነው የሚዞረው፣ ይህን ልማድ ካመጣ ቆይቷል። ምንም የሚገዛው የለም፣ የሚያናግረውም የለም። ሲርበው ወደ ሰፈሩ ነዳ።

መታጠፊያውን ሲያልፍ እናቱ በር ላይ ቆማለች። የተጠቀለለውን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ታምሬ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ማንም የለም።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አላት ወርዶ።

«ምን እሆናለሁ። ድምፅ የለህ። ወጥቼ ካላየሁ መምጣትህን በምን አውቃለሁ?»

ፊቷ አልበራም። ደክሟታል፣ ዓይኗም ቀልቷል። ግን እሱን አይታ የጠፋ ነገርም አልነበረም፤ ቀድሞውንም የምትጠብቀው እሱን ነበር። ትከሻውን ይዛ አዞረችው፣ ጀርባውን አየችው። አንድ የጭቃ ነጠብጣብ አልነበረበትም።

«ከቆምኩ ቆየሁ» አለች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቆየው?»

ታምሬ የብስክሌቱን መሪ አጥብቆ ያዘ።

«ነገ በቀጥታ እመጣለሁ» አላት።