«ለእናቷ አትንገር»

ሀቢቡላህን የወደድኩት ስለማይዋሽ ነው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ለከፈትኳት ትንሽ የልብስ ሱቅ መደርደሪያ ላሠራ ስዞር፣ ሌሎቹ አናጢዎች ሁሉ «ነገ ነይ» አሉኝ። እሱ ብቻ ከሥራው ቀና ብሎ፣ «ለነገ አይደርስም። ከምዋሽሽ ሌላ ጋ ብታሠሪው ይሻላል» አለኝ። ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። እኔም ለመውጣት አልቸኮልኩም። በዓመቱ ኒካህ አሰርን።

ለዚህ ነው ንዴቴ አልበርድ ያለው።

ሳረግዝ አንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ባለሙያው መሣሪያውን ሆዴ ላይ ደጋግሞ አንሸራተተ። ከዚያ ባሌን ብቻ ወደ ውጭ ጠራው። ሀቢብ ሲመለስ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ምን አለህ?»

«ሴት ናት። ደህና ናት።»

አመንኩት። የመጀመሪያ ልጄን ከጅማ ርቃ ባለችው ሰኮሩ፣ እናቴ ቤት ልወልድ መሰናዳት ጀመርኩ። «እዚሁ ጅማ ብትወልጂስ?» ይለኛል። ለምን ስለው ወሬ ይቀይራል።

ሆዴ ግን ከልክ በላይ ገዘፈ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። አብረን ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ብርሃንነሽ መርምራኝ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ዩምና፣ የልጅሽ አንጀት ከጨጓራዋ ዝቅ ብሎ ተዘግቷል። የምትውጠው የእንሽርት ውሃ አያልፍም፤ ሆድሽ የገዘፈው ለዚህ ነው። ስትወለድ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። እስከዚያ በአፏ ምንም አይገባም፤ ጡትም ቢሆን።»

ሀቢብን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል፤ ግን አልደነገጠም።

«ታውቅ ነበር!»

«ማሎ ዩሚ፣ እባክሽ ስሚኝ። የክሊኒኩ ሰውዬ ‹ለእናቷ አትንገር፣ ትጨነቃለች› አለኝ...»

«ሆዱ የማን ነው? ሰኮሩ ወልጄ በገዛ ጡቴ ልገድላት ነበር እኮ!»

ከዚያ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄድኩ። «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ባለቤትሽ የት አለ?» አለኝ። በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።

ወደ ቤታችን ሳልመለስ ጅሬን ሰፈር፣ እህቴ ለጢፋ ቤት ገባሁ። ሀቢብ በየቀኑ ይመጣል፤ በሩ ላይ ቆሞ ይመለሳል። አንድ ቀን ራሴ ወጣሁ።

«ፈራሁ» አለኝ። «ብነግርሽ ያን ጊዜ እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

«አብረን መፍራት እንችል ነበር።»

አብሬው አልተመለስኩም። ምጥ ሲይዘኝ ግን የደወልኩት ለእሱ ነው።

ልጃችንን ፊርዶስ አልናት። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡላት፤ በማግስቱ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዷት። ሐኪሙ ሲወጣ ሀቢብን ለብቻው ሊያናግረው ክንዱን ያዘው። ሀቢብ ከጎኔ አልተንቀሳቀሰም።

«እናቷ እዚህ ናት። ለእሷ ይንገሯት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «የተዘጋውን አልፈን አንጀቷን ቀጥለነዋል። አሁን ማገገሟን መጠበቅ ነው» አለኝ።

ጠበቅን። እሷ በጉሉኮስ፣ እኔ ጡቴ ሞልቶ ልብሴን እያራሰው። የሚያጽናኑኝን ሁሉ፣ «አይዞሽ» የሚሉኝን ሁሉ ጠላሁ። አንድ ጠዋት ነርሷ መጥታ፣ «በይ፣ ሞክሪያት» አለችኝ።

ፊርዶስ ያዘች። ሳበች። ዋጠች። አላስመለሳትም። አልሐምዱሊላህ።

ሀቢብ በሩ ጋ ቆሟል።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

«እሺ።»

«ግን ና። ቅረብና ስትውጥ እያት።»