ውሃው የደረሰበት

«ሁለተኛ እጅ ካልተቀባ ያሳብቃል» አለ አባቷ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ እየነከረ። «እማ፣ እስቲ ራቅ ብለሽ እዪው። ይታያል?»

ድምቡሼ ወደ በሩ አፈገፈገች። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ጥሎት የሄደው ቡናማ መስመር ከመስኮቱ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ክፍሉን እንደ ቀበቶ ዞሮት ነበር። አሁን ከነጩ ቀለም ሥር ጠፍቷል።

«አይታይም» አለች። እውነቷን ነበር፤ ግን አፏን መረራት።

«ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው» አለ አባቷ። አናጢ ነው፤ የቤቱን ማገር በሙሉ በገዛ እጁ የመታው እሱ ነው። «ጥርሴን ነክሼ የሠራሁትን ቤት በአንዲት መስመር አላጣውም።»

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነበር። አንዲት መሐንዲስ ድምቡሼ ክፍል መጥታ ለተማሪዎቹ አስረድታ ነበር። በመንገዱ ሥር ያለው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ስፋቱ የሚወሰነው መንግሥት ባወጣው ደረጃ ነው። ደረጃው ደግሞ የተጻፈው አያቶቻቸው ወጣት ሳሉ፣ በዚያን ዘመን ዝናብ ልክ ነው። አሁን ሊሻሻል ስለሆነ፣ ውሃው በየቤቱ የት ድረስ እንደወጣ መለካት አለበት። «ግድግዳችሁ ይመስክር» ነበር ያለችው።

ከኋላ አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «ምልክቱ ከፍ ያለበት ቤት ይፈርሳል?»

መሐንዲሷ ወደ ልጁ ዞረች። «ቱቦው ሲሰፋ የሚነሳ ቤት አይኖርም ብዬ አልዋሻችሁም።»

ወሬ እግር አለው። ያቺ መልስ ከመሐንዲሷ ቀድማ ሰፈር ገባች፤ ሰፈሩም ብሩሽ አነሳ።

ድምቡሼ ባልዲውን ልትደፋ ስትወጣ ጓደኛዋ ቀጮ ደጃቸው ላይ ተቀምጣለች። ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ አይለያዩም። ጥፍሮቿ ውስጥ ነጭ ቀለም ደርቋል።

«እናንተም ቀባችሁ?» አለች ድምቡሼ ማመን አቅቷት። የቀጮን ታናሽ ወንድም፣ ሚጢጢን፣ የወሰደው ያ ጎርፍ ነው። ቱቦው ውሃውን መዋጥ አቅቶት ሰፈሩ ላይ ሲተፋው፣ ልጁን ከእናቱ እጅ ነጠቀው።

«ቀባን። አባዬ መስመሩ ጋ ሲደርስ መቀባት አቃተው። ብሩሹን ተቀብዬ እኔ ጨረስኩት።» ቀጮ ጥፍሯን ፈገፈገች። «ሚጢጢን የቀባሁት ነው የመሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን...»

«የት እንሂድ? ንገሪኛ! እሱ ላይመለስ እኛ ሜዳ ላይ እንውደቅ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዝም አይነቅዝም። ከጠየቁሽ ጉልበት ድረስ ነው፣ በቃ። እናቴ ትሙት በይ።»

«እናቴ ትሙት» አለች ድምቡሼ።

በማግስቱ መሐንዲሷ ሜትሯን ይዛ መጣች። ከቤት ቤት ስትዞር መልሱ አንድ ነበር። ድምቡሼ ቤት ስትደርስ አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ነካ። «እዚህች ድረስ ነው እንግዲህ። እሱም ቶሎ ሸሸ።»

መሐንዲሷ አዲሱን ቀለም አሸተተችና ከደጅ ሆና ግድግዳውን ቃኘች። «ሰፈሩ በሙሉ ሙሽራ መስሏል» አለች ሳትስቅ።

«ቆሽሾብን ነበር» አለ አባቷ።

«ጥሩ። ጉልበት ድረስ ከሆነ አሮጌው ቱቦ ይበቃችኋል። ደረጃው ቢሻሻልም ይሄ መንገድ አይነካም ማለት ነው። እኔ የተነገረኝን እንጂ የጠረጠርኩትን መጻፍ አልችልም።»

አባቷ እፎይ አለ። ደጅ የቆመችው ድምቡሼ ግን አልቀለላትም። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሰፈሩ ቤቱን ያዳነ መስሎት ያንኑ ጠባብ ቱቦ በገዛ አፉ አጸደቀው። ዝናቡ ደግሞ እንደሆነ ማንንም አይሰማም፤ ሲመጣ ይመጣል። ቀጮ ደግሞ ገና የምትድህ እህት አለቻት።

መሐንዲሷ ደጁን ተሻገረች። ከወዲያ ማዶ ቀጮ በራቸው ላይ ቆማ ድምቡሼን ትኩር ብላ ታያለች። ድምቡሼ ዓይኗን ከእሷ አነሳች።

«ጉልበት ድረስ አይደለም» አለች።

«እማ!» አባቷ ጮኸባት። «ምን ቤት ነሽ አንቺ? ዝም በይ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ይምጡ፣ ላሳይዎት» አለች ለመሐንዲሷ። አባቷ ክንዱን ዘርግቶ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች፤ በርጩማ ጎትታ ወጣችና መዳፏን ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ድረስ ነው። እኛ ጣሪያው ላይ ነበርን።»

መሐንዲሷ ከደፉ ውጭ ቆማ የድምቡሼን አባት ፈቃድ ጠበቀች። እሱ መሬት መሬት ያያል። ቀስ ብሎ ገለል አለላት፤ ገብታ ሜትሯን ዘረጋች። አባቷ የበሩን መቃን በመዳፉ ዳሰሰ። በዕድሜው ያፈራው ይሄው ቤት ብቻ ነው።

«ከዚያ ከፍ ይላል» አለ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

ድምቡሼ መዳፏን ከፍ አድርጋ በእግር ጣቶቿ ቆማ ተንጠራራች።