የቦራ እንግዴ ልጅ

ይህን ስተርክ ከዋሸሁ ቦራ በቀንዷ ትውጋኝ! ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

ቦራ ላም ናት። ይጁቤ ከተማ አጠገብ፣ እነአርሴማ በረት ውስጥ ጎህ ሲቀድ ወለደች። እንግዴ ልጁ ግን ከኋላዋ ተንጠልጥሎ አልወርድም አለ። የአርሴማ አባት የከብት ሐኪም ሊጠሩ ሲወጡ፣ «ሳይወርድ ንቅንቅ እንዳትዪ! ቦራ ከበላችው ወተቷ ይደርቃል» አሏት።

አርሴማ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እበት ላይ ቆማለች። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው ለዚህ ነው። የበረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መውጣት ግን አትችልም።

የውድድር ጓደኛዋ ይታያል እያለከለከ ደረሰ። ውሸት ሳይቀላቅል እንደምን አደርሽ እንኳን የማይል ልጅ ነው።

«ሚኒባሱ ሞተር አስነስቷል! ምን ይገትርሻል?»

«ፕላሴንታው አልወረደም።»

«ፕላሴንታ? የሮም ንግሥት ነበረች አይደል?»

«ፎገራህን ተው! በላቲን ጠፍጣፋ ቂጣ ማለት ነው። የሰው እንግዴ ልጅ ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ የድሮ ሐኪሞች በዚያ ሰየሙት። ውድድሩ ላይ ጥያቄው ቢመጣ እንዳትቀልድ።»

ይታያል ሳይጠይቃት የተንጠለጠለውን በጆንያ ጨብጦ ሳበው። ቦራ አጓራች። እንግዴ ልጁ ዘጭ አለ።

«ይኸው ቂጣሽ! ቅበሪውና እንብረር። አባትሽን ወረደ በያቸው። ወርዷላ!»

አርሴማ በእንጨት ዘረጋችው። የላም ነውና ቂጣ አይመስልም፤ ትልልቅ አዝራር የተተከለበት ስስ ጨርቅ ይመስላል። አንድ ጠርዙ ተቦጭቋል። የቀረው ውስጥ ነው። እዚያው ከበሰበሰ ቦራ ልትሞት ትችላለች፤ አባቷ ደግሞ ወርዷል ከተባሉ ሐኪሙን ከደጅ ይመልሱታል።

ከመንገዱ የሚኒባሱ ጡሩንባ ጮኸ።

«አርሴማ፣ በናትሽ!»

«ተጠባባቂዋ ወንጌላዊት በኔ ቦታ ትግባ» አለች። «ቂጣ ነው፤ እንዳትረሳ።»

ይታያል መሬት መሬቱን አየ። «ከመጣ ስምሽን እጠራለሁ፤ መልሱ የአርሴማ ነው እላለሁ» አላት።

እሱ ሲሄድ ቁራጩን ሐኪሙ እንዲያየው በጆንያው ሸፈነችው። እጅጌዋን ሰበሰበችና ከቦራ ራስ አጠገብ ቁጭ አለች።

እውነት ነው ብያለሁ፤ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከኪሴ ጨመርኩ፦ ይታያል ስምሽን እጠራለሁ አላላትም። ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።